ከቫንኩቨር የግል ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ፦ 60 ክሬዲት ይዞ በቀጥታ ሦስተኛ ዓመት መግባት እውነት ነው?

ይህ በአንድ የኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ የተካሄደ ክር (የጥያቄና የመልስ ሰንሰለት) ማጠቃለያ ነው፤ ክሩን የከፈተው ሰው ጥያቄ አጭር ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ የውጭ ትምህርት ኤጀንት፣ በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሁለት ዓመት በግል ኮሌጅ ተምሮ አሶሺየት ዲግሪ የያዘ ተማሪ ያለ ምንም ጣጣ የፈለገው ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ይገባል ብሎ ነግሮታል። ለታናሽ እህቱ የመጀመሪያ ሴሚስተር ክፍያ ከመላኩ በፊት ነገሩን ማጣራት ፈልጓል። ኤጀንቱ ያቀረባቸው ኮሌጆች ሦስት ናቸው፦ ኮሎምቢያ፣ አሌክሳንደርና ኮኪትላም። ልጅቷ የምትፈልገው ኮምፒውተር ሳይንስ ነው፤ እሱ ካልሆነ ኢኮኖሚክስ። ክሩን ይህን ያህል ያረዘመው ይሄ በስተመጨረሻ ጣል የተደረገ መረጃ ነው።

1ኛው መላሽ በትሕትና ሰላም ብሎ፣ ኤጀንቱ የነገረህ ግማሹን ነው ከሚል ሐሳብ ተነሣ። ኮሌጆቹ የግል ቢሆኑም የስድስት ወር ሙያ ከሚያስተምሩት ማሠልጠኛዎች ጋር መደባለቅ እንደሌለባቸው፣ አሶሺየት ዲግሪ መስጠት የግዛቱን መንግሥት ፈቃድ እንደሚጠይቅ አስረዳ። ኮሎምቢያ ከ1936፣ ኮኪትላም ከ1982፣ አሌክሳንደር ከ2006 ጀምሮ ያሉ ናቸው (በዚህ ክር ስለ ካናዳ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ዝውውሩን የሚያስተባብረው በ1989 የተቋቋመው የግዛቱ የቅበላና የዝውውር ምክር ቤት ሲሆን፣ ቢሲ ትራንስፈር ጋይድ የሚባል ነጻ ድረ ገጽ አለው። የኮሌጁን ስምና የኮርሱን ኮድ ማስገባት ነው፤ ኮርሱ በየዩኒቨርሲቲው በምን እንደሚያዝ ይዘረዝራል። ስለዚህ ኤጀንቱን ከመጨቃጨቅ ይልቅ የመጀመሪያ ዓመት ኮርሶችን አንድ በአንድ እዚያ ላይ ማየት ይሻላል አለ።

2ኛዋ መላሽ የዲግሪውን አወቃቀር አመጣች። 60 ክሬዲት ማለት ብዙውን ጊዜ ባለ ሦስት ክሬዲት 20 ኮርስ ነው። በአርትስ አሶሺየት ዲግሪ 6 ክሬዲት የአንደኛ ዓመት እንግሊዝኛ ይፈለጋል፤ 9 ክሬዲት ሳይንስ (ከዚህ ውስጥ 3ቱ ሒሳብ፣ ስታቲስቲክስ ወይም ኮምፒውተር፣ 3ቱ ደግሞ ላብ፣ ማለትም የላብራቶሪ ክፍለ ጊዜ፣ ያለው ሳይንስ)፤ 36 ክሬዲት የአርትስ ኮርስ፤ የቀረው 9 ምርጫ ነው። በሳይንሱ በኩል 6 እንግሊዝኛ፣ ካልኩለስ ያለበት 6 ሒሳብ፣ 36 ሳይንስ፣ 6 አርትስና 6 ምርጫ። በሁለቱም ቢያንስ 18 ክሬዲት የሁለተኛ ዓመት ደረጃ መሆን አለበት፤ አጠቃላይ ነጥቡም ከ2.0 አይወርድም። ከዚያ ተማሪዎች የት እንደሚሰናከሉ ጨመረች። የአርትስ ተማሪ ላብ ያለውን ሳይንስ እየፈራ ወደ መጨረሻ ሲያስተላልፈው ወንበር ያልቅና ለአንድ ኮርስ ሲባል አንድ ሴሚስተር ይቆያል። የሁለተኛ ዓመት ኮርሶችም በበጋው ሴሚስተር፣ ማለትም ከሜይ እስከ ኦገስት፣ የሚከፈቱት ጥቂት ስለሆኑ፣ በበጋ ቀሪውን እጨርሳለሁ ብሎ የሚያቅድ ሰው መርሐ ግብሩ ሲወጣ ይደነግጣል።

3ኛው መላሽ ወደ 1ኛው ተመልሶ አረመው። እርማቱ ጨዋ ነው፤ ግን የክሩ ፍሬ ነገር እዚህ ጋ ነው ያለው። ጋይዱ ላይ ኮርሱ ይያዛል የሚለውን ብቻ አይቶ መዝጋት አይበቃም፤ እንዴት እንደሚያዝ ማየት ያስፈልጋል። አንደኛው ዓይነት ቀጥተኛ አቻ ነው፦ የኮሌጁ የማይክሮ ኢኮኖሚክስ ኮርስ ሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ ኢኮን 103 ሆኖ ይመዘገባል። ሁለተኛው የትምህርት ክፍሉ ስም ብቻ ያለበት፣ ቁጥር የሌለው ክሬዲት ነው። ሳይመን ፍሬዘር ይህን ኢኮን 1ኤክስኤክስ ብሎ ይጽፈዋል፤ ዩቢሲ (ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ) ደግሞ በቁጥሩ ምትክ አንደኛ ዓመት የሚል ምልክት ያደርጋል። ሦስተኛው የትምህርት ክፍል እንኳ የሌለው፣ በደፈናው የአርትስ ወይም የሳይንስ ክሬዲት ነው። አራተኛው ምንም አለመያዝ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ለባችለር ዲግሪው ከሚፈለገው 120 ክሬዲት ላይ ይቆጠራሉ፤ ግን በአብዛኛው የቅድመ ሁኔታ ኮርስን ቦታ አይሞሉም። አሶሺየት ዲግሪ የያዘና ቅበላ ያገኘ ተማሪ 60ው ክሬዲት ይያዝለታል የሚለው ዋስትና የሚሠራው ለብዛቱ ነው። ሜጀሩ (ዋናው የጥናት ዘርፍ) የሚጠይቃቸው ኮርሶች ተሟልተዋል ወይስ አልተሟሉም የሚለውን አይነካም። ስለዚህ 60 ተይዞለት ሳለ ሁለት ዓመት ተኩል ወይም ሦስት ዓመት የሚቀረው ተማሪ ይኖራል፤ ማንም አላታለለውም፣ የመረጣቸው ኮርሶች ናቸው ያስረዘሙበት።

4ኛዋ ይህንን በኮምፒውተር ሳይንስ አሳየችው። በሳይመን ፍሬዘር መሠረቱ ሲኤምፒቲ 120 የሚባለው የፕሮግራሚንግ ኮርስ፣ ቀጥሎ 125፣ ቀጥሎ 225 ነው፤ ጎን ለጎን ማክም 101 የሚባለው ዲስክሪት ሒሳብ፣ ካልኩለስ አንድና ሁለት (ማት 151 እና 152)፣ እንዲሁም ሊኒየር አልጀብራ። ፕሮግራሚንጉ ሰንሰለት ስለሆነ ሁለቱን ባንድ ሴሚስተር መውሰድ አይቻልም፤ ሦስት ኮርስ ሦስት ሴሚስተር ይበላል። ተማሪዋ በሒሳብ ምደባ ፈተና ፕሪ ካልኩለስ ላይ ከተመደበች ደግሞ የሒሳቡ መስመር ባንድ ሴሚስተር ወደ ኋላ ይገፋል። ከሁሉ የከፋው ስሕተት የካልኩለስ ዓይነት መሳት ነው አለች። ኮሌጆቹ ለቢዝነስና ለማኅበራዊ ሳይንስ የሚሆን ካልኩለስም ያስተምራሉ፤ ቀለል ስለሚል ሰው ይሄድበታል። እሱ በሳይመን ፍሬዘር ማት 157 ሆኖ ይያዛል፤ ለኢኮኖሚክስ ይሆናል። ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ ለሚሄድ ግን የሚታሰበው 151 ነው። ሁለቱ ተደራራቢ ስለሆኑም ክሬዲት የሚያስገኘው አንዱ ብቻ ነው፤ ቆይቶ 151ን መውሰድ ያለፈውን ሦስት ክሬዲት በከንቱ ያስቀራል። የእሷ ምክር እንግዲህ ለሁለቱም ፍላጎት የሚበጀው የሳይንሱ ካልኩለስ ነው፣ ከባዱ ይሠራል የሚል ነው።

5ኛው ሲገባ የክሩ አየር ተቀየረ። የግል ኮሌጅ አገር ቤት ፈተና ያላለፈ ሰው መጠለያ ነው፣ ገንዘብ ያለው ገንዘቡን ያቃጥልበት ሲል ጻፈ። 12ኛ ክፍልን ጠቀሰ፦ በ2014 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ ብቻ ነበር፤ የቀረው ካናዳ ሄዶ ምሁር ሊሆን ነው ወይ ብሎ ተሳለቀ። ቁጥሮቹ ልክ ናቸው፤ ከእነሱ የተነሣው ድምዳሜ ግን የመጣበት መንገድ አይታይም።

6ኛው ከእርስዎ ወደ አንተ ወርዶ መለሰለት። ዩኒቨርሲቲ የሚዛወር ተማሪን የሚመዝነው በኮሌጅ ውጤቱ ነው፤ የያዘው ከ24 የሚዛወር ክሬዲት በታች ከሆነ ነው የሁለተኛ ደረጃው ትራንስክሪፕት አብሮ የሚታየው። ኮሌጁ ቀላል ከሆነ ደግሞ ሁሉም ይዛወር ነበር፤ የኮምፒውተር ሳይንስ ቅበላ የሚያስፈልገው ነጥብ ከ2.0 እጅግ የራቀ ነው፣ በየዓመቱም እንደ አመልካቹ ብዛት ይዋዥቃል። በመሐል ጠቃሚ ነገር ጣል አደረገ፦ የኮሌጁ ውጤት ለቅበላ ይቆጠራል እንጂ ሳይመን ፍሬዘር ከገቡ በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲው ጂፒኤ አይገባም፤ ክሬዲቱ ብቻ ይሻገራል። በኮሌጅ ጥሩ ያመጣ ተማሪ ከዜሮ ይጀምራል። ደካማ ያመጣም እንዲሁ።

7ኛው 5ኛውን ደግፎ ሁለት መስመር ጻፈ፤ 8ኛው 7ኛውን ሰደበ፤ አወያዩ ሁለቱንም አነሣቸው። ቁጥራቸው ብቻ ባዶ ሆኖ ቀርቷል።

9ኛዋ ከቨርጂኒያ ናት፤ ክሩን ወደ አሜሪካ ይዛው ነጎደች። እዚያ ያለ ወገን ይህን ሁሉ ገንዘብ አያወጣም፣ ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ገብቶ አሶሺየቱን ይዞ አድቫንስ በሚባለው የዝውውር ፕሮግራም ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ይገባል አለች። ሜሪላንድ ያለው ደግሞ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ አለለት። ሦስት አራት ሰው ስለ ኖቫ አሌክሳንድሪያ ካምፓስ መኪና ማቆሚያ ሲያወራ ክሩ ጠፍቶ ነበር።

13ኛው መልሶ አመጣው፤ ትዕግሥቱ ያለቀ ይመስላል። ኖቫም ሞንትጎመሪም የመንግሥት ናቸው፤ በቨርጂኒያ የተፈረመ የዝውውር ስምምነት ለቫንኩቨር ምንም አይሠራም። ተመሳሳዩ ንጽጽር ቫንኩቨርና አካባቢው ያሉት ላንጋራና ዳግላስ ናቸው፤ ሁለቱም የመንግሥት ኮሌጆች ናቸው፣ ያው አሶሺየት ዲግሪ አላቸው፣ ያው ጋይድ ውስጥ አሉ። ካናዳ ውስጥ ቋሚ ነዋሪ ወይም ዜጋ የሆነ ሐበሻ የግል ኮሌጅ ሊከፍል የሚገባበትን ምክንያት አላይም አለ፤ የመንግሥቱ ኮሌጅ ለአገር ውስጥ ተማሪ የሚጨምረው ክፍያ በዓመት ከ2 በመቶ እንዳያልፍ ከ2005 ጀምሮ ተገድቧል፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋና የጎልማሶች መሠረታዊ ትምህርት ደግሞ ከ2017 ወዲህ ለነዋሪ በነጻ ነው። ለውጭ ተማሪ ስሌቱ ይለያል፤ እዚያም እዚያም ውድ ነው። ስለዚህ በክፍል መጠን፣ በሴሚስተር ምርጫና ኮርስ በየስንት ጊዜው እንደሚከፈት ማወዳደር ነው።

14ኛው የውጭ ተማሪ ካናዳ ውስጥ ለመማር የሚያስፈልገውን የትምህርት ፈቃድ ጉዳይ አነሣ። ኤጀንቶች የማይናገሩት ይሄን ነው ብሎ ነው የጀመረው፤ እውነትም እስከዚህ ድረስ ማንም አላነሣውም ነበር። ከኖቬምበር 8 ቀን 2024 በፊት ተማሪ ከኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር በኢሚግሬሽን የኢንተርኔት አካውንቱ ላይ ትምህርት ቤት ቀየርኩ ብሎ ማስታወቅ ይበቃው ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን የትምህርት ፈቃዱ የተጻፈበትን ተቋም የሚለቅ የኮሌጅ ወይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አዲስ ፈቃድ ማመልከት አለበት። ፈቃድ ለማራዘም ብቻ፣ በዚያው ተቋምና በዚያው ደረጃ፣ የግዛቱ የማረጋገጫ ደብዳቤ አያስፈልግም፤ ተቋም ለሚቀይር ግን ያስፈልጋል። በጃንዋሪ 22 ቀን 2024 የተጀመረው ይህ ደብዳቤ በኮታ ስለሚሰጥ ዩኒቨርሲቲው ለተዛዋሪው ከራሱ ድርሻ ላይ ማውጣት አለበት። ተማሪዋ እንግዲህ ሁለት ጊዜ ታመለክታለች፦ መጀመሪያ አዲስ አበባ ሆና፣ ኋላ ቫንኩቨር ሆና። ሁለቱም ጊዜ 150 የካናዳ ዶላር የማመልከቻ፣ የመጀመሪያው ላይ ደግሞ 85 ዶላር የጣት አሻራ፤ ከትምህርት ክፍያና ከጉዞ ውጭ ለአንድ ሰው ኑሮ የሚታየው ገንዘብም ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ 22,895 የካናዳ ዶላር ሆኗል።

ይኸው 14ኛው በመቀጠል በቀን መቁጠሪያው ላይ ያለውን ወጥመድ አሳየ። ተማሪ በሁለት ትምህርት መካከል ከ150 ቀን በላይ ቁጭ ማለት አይችልም። ኤፕሪል መጨረሻ ጨርሶ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ሰው በገደቡ ውስጥ ነው። ዲሴምበር ላይ 60ውን የጨረሰ፣ ነገር ግን የሚገባበት ፋኩልቲ የሚቀበለው ሴፕቴምበር ብቻ የሆነበት ሰው ግን ስምንት ወር ይተርፈዋል። ያንን ጊዜ ለመሙላት ተጨማሪ ኮርስ ይወስዳል፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ከ60 በላይ አይዝለትም፤ ገንዘቡ ፈቃዱን ለማቆየት ብቻ ወጣ ማለት ነው። ሳይመን ፍሬዘር በሦስቱም ሴሚስተር ሊቀበል ይችላል፤ ዩቢሲ በአብዛኛው ሴፕቴምበር ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው የሚቆጠረው ከመግቢያው ወደ ኋላ ነው፤ ለሴፕቴምበር የሚያመለክት ሰው ማመልከቻው የሚዘጋው ጃንዋሪ ውስጥ መሆኑንም ያስታውስ። 

15ኛዋ በአንድ ነጥብ ላይ ተቃወመችው፤ ተቃውሞው ግን ይበልጥ ማሟያ ነው። ትምህርት ሲያልቅ የሚገኘው የሥራ ፈቃድ በሕይወት ዘመን የሚሰጠው አንድ ጊዜ ነው። አሶሺየቱን እንደጨረሱ ለሥራ ፈቃድ የተጣደፉ ሰዎች ባችለሩን ሲጨርሱ ሁለተኛ አያገኙም። ከኖቬምበር 1 ቀን 2024 ወዲህ የትምህርት ፈቃድ ያመለከቱ ደግሞ ባችለርና ከዚያ በላይ ካልሆነ በስተቀር የትምህርት ዘርፋቸው በመንግሥት ዝርዝር ውስጥ መኖር አለበት፤ ጠቅላላ የሆነ የአርትስ አሶሺየት ዲግሪ እዚያ ውስጥ መግባቱ ያጠራጥራል። ሠርቶ እዚያው ሊቀር የሚያስብ ቤተሰብ ስለዚህ ኮሌጁን እንደ መተላለፊያ ይቁጠረው፣ አራቱንም ዓመት በገንዘብ ያስላ አለች። በትምህርት ላይ እያሉ ከካምፓስ ውጭ መሥራት የሚፈቀደው በሴሚስተር ጊዜ በሳምንት እስከ 24 ሰዓት ብቻ ነው፤ ኤጀንት በትርፍ ሰዓት ሥራዋ ክፍያዋን ትችላለች ካለ የሒሳብ ትምህርቱን መጠርጠር ነው። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ብዙ ሰው ወዶላታል።

16ኛው አንድ የሚያውቀውን ተማሪ ጉዳይ ተረከ። ልጁ ኬሚስትሪ ወሰደ፤ ኮሌጁ ትምህርቱንና ላቡን በሁለት ኮድ ለያይቶ ስለሚመዘግብ ላቡን ለቀጣዩ ሴሚስተር ተወው፤ ኋላም ረሳው። ጋይዱ ላይ ግን ሁለቱ ኮዶች በመደመር ምልክት ተያይዘው ነው ያሉት፤ አንዱ ብቻ ከሆነ የሚያስገኘው ነገር የለም። ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ነው ያወቀው። 2ኛዋ ላብ ያለውን ሳይንስ አታዘግዩ ያለችው ለዚህ ነበር ብሎ ጠቀሳት። እሷም ተመልሳ የተደመሩ ኮዶች በፊዚክስም እንደሚታዩ፣ ከዚህም ሌላ አንዳንድ ኮርስ ዲ አግኝቶ ክሬዲቱ ቢያዝም ለቀጣዩ ኮርስ ቅድመ ሁኔታ ሲ ማይነስ እንደሚጠየቅ ጨመረች።

17ኛው ስለ ወረቀት ነው፤ ደረቅ ነው፣ ግን አስፈላጊ። የ12ኛ ክፍል ውጤት ማረጋገጫ ከትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ሲጠየቅ በቂ ጊዜ ይሰጠው፤ የትምህርት ቤቱ ትራንስክሪፕት በታሸገ ፖስታ ይሁን፤ በፓስፖርቱ ላይ ያለው ስም፣ የአያት ስም ጭምር፣ ከውጤት ወረቀቱ ጋር በፊደል አጻጻፍ ይመሳሰል። ስሙ ሁለት ዓይነት የተጻፈበት ፋይል ጥያቄ ይመጣበታል። ለባንክ የሚሆን የክፍያ መጠየቂያ ወረቀት ኮሌጁ እንዲልክ ይጠየቅ፤ ባንክ የውጭ ምንዛሪ የሚሸጠው በቅበላ ደብዳቤውና በዚያ ወረቀት ነው። ፈቃዱ ቢከለከል ምን ያህል እንደሚመለስ፣ በስንት ቀን ውስጥ ማሳወቅ እንደሚያስፈልግም ከኮሌጁ የተመላሽ ገንዘብ ደንብ ላይ ከመክፈል በፊት ይነበብ።

18ኛው ጠያቂው ራሱ ነው። ሁሉንም አመስግኖ፣ ኤጀንቱ ፍሬዘር ኢንተርናሽናል ኮሌጅ የሚባልም አለ ብሎኛል፣ ከሦስቱ በምን ይለያል ሲል ጠየቀ።

19ኛው መልስ አጭር ነው። እሱ ሳይመን ፍሬዘር በርናቢ ካምፓስ ውስጥ ያለ፣ ናቪታስ የሚባል ኩባንያ ከዩኒቨርሲቲው ጋር በስምምነት ከ2006 ጀምሮ የሚያስኬደው ነው። እዚያ የሚገባ ሰው መድረሻውን አስቀድሞ የመረጠ ነው፤ ለየዘርፉ የተወሰነውን ነጥብ ካመጣ ወደ ሳይመን ፍሬዘር ይሻገራል። ዩቢሲንም ቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲንም አብራ ማየት የምትፈልግ ልጅ ከሦስቱ ወይም ከመንግሥቶቹ ብትሆን ምርጫዋ ይሰፋል።

20ኛው እስከ መጨረሻው ያልተነሣ ነገር አነሣ፦ ልጅቷ አልበርታ ወይም ኦንታሪዮ ዘመድ ካላትና ወደዚያ ብትዞር ምን ይሆናል? ጋይዱ በዋናነት የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ነው። ግዛቱን ሲለቁ እያንዳንዱ ኮርስ እንደ አዲስ በእጅ ይመረመራል፤ መርማሪው የሚፈልገውም የኮርስ መግለጫው ነው እንጂ የካታሎጉ ሁለት መስመር አይደለም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የየኮርሱ መግለጫ በፒዲኤፍ ይቀመጥ፤ በየሳምንቱ የሚሸፈነው ርዕስ፣ የመማሪያው መጽሐፍ ርዕስና እትም፣ የላብ ሰዓት ብዛት፣ ፈተናና የቤት ሥራ የሚይዙት መቶኛ፣ የመምህሩ የትምህርት ደረጃ ያለበት መሆን አለበት። ሴሚስተሩ ሲያልቅ የኮሌጁ የመማሪያ ገጽ ስለሚዘጋ፣ ከዓመት በኋላ ያንን ወረቀት መለመን ሳምንታት ይወስዳል። ፋይሉ በሴሚስተርና በኮርስ ኮድ ቢሰየም ይሻላል፤ ስሙ ያልተለወጠ 20 ሰነድ ለመርማሪ ልኮ ቶሎ መልስ ያገኘ የለም።